ስም የሌለውን ጽሑፍ ማን ጻፈው? አማርኛን በቁጥር መመርመር

ጸሐፊን የሚያጋልጡት ያማሩ ቃላት አይደሉም፤ እነሱን ማንም ይኮርጃቸዋል። የሚያጋልጡት ሳይታሰቡ የሚወረወሩት ናቸው፦ «ግን»፣ «ደግሞ»፣ «እንጂ»፣ «ነበር»። የስታቲስቲክስ ምሁራኑ ሞስተለርና ዋላስ በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ስለ አሜሪካ ሕገ መንግሥት በብዕር ስም ከወጡት 85 የፌዴራሊስት ጽሑፎች፣ ጸሐፊው ሃሚልተን ነው ወይስ ማዲሰን በሚል ያከራከሩትን 12ቱን ለማዲሰን የሰጡት በዚሁ መንገድ ነው። «አፖን» የምትባለው ተራ የእንግሊዝኛ ቃል በሃሚልተን ጽሑፍ በ1,000 ቃል ወደ 3 ጊዜ ትመጣለች፤ ማዲሰን እምብዛም አይነካትም።

በአማርኛ ስሌቱ ቀላል ነው። ፈተናው ጽሑፉን ማዘጋጀቱ ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ቢያንስ ሦስት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱም ወደ 5,000 ቃል የሚሆን፣ ሰብስቡ። ከ1,000 ቃል በታች በሆነ ናሙና የሚገኝ ውጤት አያስተማምንም። ልብ ወለድን ከልብ ወለድ፣ ሐተታን ከሐተታ አወዳድሩ፤ ከደባለቃችሁ የምትለዩት ዘውጉን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ጥቅስ፣ ግጥም፣ ርዕስና የገጽ ቁጥር ይውጡ።

ከዚያ ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንደኛው እንዳለ ይቀመጥ። በሁለተኛው ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ አንዱም ሳይቀር። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አም አንድ ይሁኑ። ይህ ካልተደረገ «ሠራ» እና «ሰራ» እንደ ሁለት ቃል ይቆጠራሉ። ያልተነካው ቅጂ የሚጠቅመው ፊደሉ ራሱ ምልክት ሲሆን ነው፦ «በልቷል» ወይስ «በልቶአል»? «ባገር» ወይስ «በአገር»? «ሆነ» ወይስ «ኾነ»? አራት ነጥቡስ «።» ነው ወይስ ሁለት ጊዜ የተመታ «፡»? በደብዳቤና በማኅበራዊ ሚዲያ ይህ ወርቅ ነው። በታተመ መጽሐፍ ግን ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ ቅጂዎች የተለያየ ሰው ከጠቆሙ፣ ያገኛችሁት ጸሐፊውን ሳይሆን አራሚውን ሊሆን ይችላል።

ሥርዓተ ነጥቡን ከቃሉ መለየት አትርሱ። አለዚያ «ነው» እና «ነው።» ለኮምፒውተሩ ሁለት ቃላት ናቸው። ሶፍትዌሩን ከማመናችሁ በፊት የቃላት ዝርዝሩን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት።

ዋናው የአማርኛ ጣጣ ደግሞ ለ፣ በ፣ ከ እና የ ከቃሉ ጋር መጣበቃቸው ነው። «በቤት»ን የሚቆርጥ ቀላል ደንብ በሬንም አርዶ «በ» እና «ሬ» ያደርገዋል፤ «ከተማ»ም አይተርፍም። የተሻለው መንገድ ቃልን ትቶ ሦስት ሦስት ተከታታይ ፊደል መቁጠር ነው። ክፍት ቦታንም እንደ ፊደል ቁጠሩ፤ ያኔ በቃል መነሻ ያለው «የ» በመሀል ካለው ይለያል። ከእነዚህ በብዛት የሚመጡትን 300 ያህል ውሰዱ። ጎን ለጎንም 100 ተደጋጋሚ ቃላትን ሞክሩ፤ ነገር ግን የሰው ስም፣ የቦታ ስምና የርዕሰ ጉዳይ ቃል ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

አሁን ስሌቱ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆን በሮስ የተባለው ምሁር ያቀረበው «ዴልታ» ነው። «ግን» በተሰበሰቡት ጽሑፎች ሁሉ በ1,000 ቃል በአማካይ 6 ጊዜ ይመጣል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም (ጽሑፎቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) 2 ነው እንበል። ባለቤት አልባው ጽሑፍ 9 ካለው፣ 9 ሲቀነስ 6፣ ለ2 ሲካፈል 1.5 ይሆናል። አንደኛው ተጠርጣሪ 8 ካለው ውጤቱ 1፣ ሁለተኛው 4 ካለው ደግሞ −1 ነው። ልዩነታቸው 0.5 እና 2.5። ይህን በዝርዝሩ ላለ ቃል ወይም ባለሦስት ፊደል ቁራጭ ሁሉ ሠርታችሁ የልዩነቶቹን አማካይ አውጡ፤ ትንሹ ቁጥር ያለው ቅርቡ ነው። ማካፈሉ የሚያስፈልገው እንደ «ነው» ያለው በየቦታው የሚመጣ ቃል ሌሎቹን እንዳይውጣቸው ነው። በእጅ መሥራት ለሚሰለች በ«አር» የኮምፒውተር ቋንቋ የተዘጋጀው «ስታይሎ» የተባለ ሶፍትዌር አለ።

ዴልታ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ እውነተኛው ጸሐፊ ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ባይኖርም አንዱን መጥራቱ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ የማይመለከታቸውን፣ ግን በዚያው ዘመንና ዘውግ የጻፉ አምስት ያህል እንግዳ ጸሐፊዎች ጨምሩ። ከእንግዶቹ አንዱ ተጠርጣሪውን ከቀደመ ወይም እኩል ከቀረበ፣ መልሱ «አይታወቅም» ነው። ባለቤታቸው የታወቀውንም ጽሑፎች በየተራ ደብቃችሁ ፈትኑ፤ ከ20ው 14ቱን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ የማይታወቀውን ያውቃል ብላችሁ አትጠብቁ። ዝርዝሩን ወደ 200፣ ወደ 500 ስትቀይሩ ስሙ አብሮ የሚቀያየር ከሆነም ገና ምንም አልያዛችሁም።

ስሙ ጸንቶ ከቆየ እንኳ በሪፖርታችሁ «ከእነዚህ መካከል ይበልጥ የሚመሳሰለው የእገሌ አጻጻፍ ነው» በሉ እንጂ «እገሌ ጽፎታል» አትበሉ፤ የስሌቱን ዝርዝርና ሁለቱንም ቅጂዎች አያይዙ።