ከሶርስ ኮድ የገነቡትን ፕሮግራም ያለ ዝርክርክነት እንዴት እንደሚይዙ

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ በአፕት (የሲስተሙ ፕሮግራም መጫኛ) የጫኑትን ፕሮግራም ማጥፋት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ራስዎ ኮምፓይል አድርገው በ«ሜክ ኢንስቶል» ያስገቡትን ግን አፕት አያውቀውም። ፋይሎቹ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ቢን፣ ሊብና ሼር ፎልደሮች ላይ ይበተናሉ፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚመዘግብ የለም። «ሜክ አንኢንስቶል» ላይም አይተማመኑ፤ በሲሜክ የሚገነቡ ብዙ ፕሮግራሞች የላቸውም።

እኔ የምመርጠው ግኑ ስቶውን ነው፤ እያንዳንዱን ፕሮግራም በየራሱ ፎልደር ትቶ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ወደ ፋይሎቹ የሚጠቁሙ ሊንኮችን ብቻ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። ቢልድ ኢሴንሻልን (የኮምፓይል መሣሪያዎች ስብስብ) እና ስቶውን በአፕት ይጫኑ፣ ሶርሱን ይፍቱ። ለምሳሌ ናኖ 7.2 የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ እንገንባ።

ዋናው ነገር ፕሪፊክስ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጫንበት ፎልደር አድራሻ ነው። ከሶርሱ ጋር የሚመጣውን «ኮንፊገር» የተባለ ማዘጋጃ ስክሪፕት ዝም ብለው ካስኬዱት ሁሉንም ነገር ዩኤስአር ሎካል ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ዳሽ ዳሽ ፕሪፊክስ ብለው፣ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ስቶው የሚባል ፎልደር፣ በውስጡም «ናኖ-7.2» እንዲሆን ይንገሩት። የቨርዥን ቁጥሯን አይተዉ፤ ነገ አዲሱ አልስማማ ካለዎት ወደ አሮጌው የሚመለሱት በእሷ ነው።

ይህ አድራሻ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ ኮምፓይል ስለሚደረግ፣ በኋላ ፎልደሩን በእጅ ማዛወር አያዋጣም። ሐሳብዎን ከቀየሩ «ሜክ ክሊን» ብለው ከኮንፊገር ይጀምሩ። ኮንፊገር ከርስስ (ናኖ ስክሪን ላይ ለመጻፍ የሚጠቀምበት ላይብረሪ) የለም ብሎ ከቆመ ደግሞ የጎደለው ስሙ በ«ዴቭ» የሚያልቀው የላይብረሪው ፓኬጅ ነው።

ከዚያ ሜክ፣ ቀጥሎ ሱዶ ሜክ ኢንስቶል። ከግንባታው ደረጃዎች ውስጥ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ብቻ ነው፤ ኮምፓይሉንም በሱዶ የሚያስኬድ ሰው ሳይ ይገርመኛል።

አሁን ስቶው ፎልደር ውስጥ ገብተው «ሱዶ ስቶው ናኖ-7.2» ይበሉ። ፋይሎቹ ካሉበት አይነቃነቁም፤ ቢንና ሼር ውስጥ የሚቀመጡት ሊንኮች ናቸው። ቀድሞ የተበተነ አሮጌ ፋይል ካገኘ ስቶው ምንም ሳይነካ ያቆማል። ያኔ «አዶፕት» የሚለውን አማራጭ እንዳይሞክሩ፤ አሮጌውን ፋይል አዲሱ ላይ ይጭንብዎታል።

ላይብረሪ ከሆነ የገነቡት፣ ሲስተሙ እንዲያውቀው «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» ይጨምሩ።

ፕሮግራሙን ለማውጣት ከስቶው ትእዛዝ ጋር ዳሽ ትልቁን ዲ ይጠቀሙ፤ ትንሿ ዲ ሌላ ሥራ አላት። ከዚያ ፎልደሩን ማጥፋት ይችላሉ። ባሽ (ትእዛዝ የሚጽፉበት ሼል) የጠፋውን ፋይል በአሮጌው ቦታ መፈለጉን ከቀጠለ «ሃሽ ዳሽ አር» ያስረሳዋል።

አፕት ለእነዚህ ፕሮግራሞች የደኅንነት ማሻሻያ አያመጣም። ኢንተርኔት የሚነካ ነገር ከሆነ አዲስ ቨርዥን መውጣቱን የሚከታተሉት እርስዎ ነዎት፤ ያን ማድረግ ካልቻሉ የአፕቱን ይጠቀሙ።