ሥጋው ያጠራጥራል ሲባል በቤት ውስጥ ምን ይደረጋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖሎኒ የሚባለው፣ ከጥቅሉ እንደወጣ የሚበላ የሥጋ ውጤት ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ ተገኘ። በወረርሽኙ ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ምርቱ ከየሱቁ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ የገዛም ሰው ጥቅሉን አይቶ መመለስ ቻለ። አዳማ ላይ ከሉካንዳ ቤት ሥጋ የሚገዛ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። የቄራው ማህተም የሚታየው የተንጠለጠለው ብልት ላይ ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚሰጠን ሁለት ኪሎ ግን ቁጥርም ስምም የለውም። ስለዚህ አጠራጣሪ ሥጋን መልሶ የመሰብሰቡ ሥራ የሚወድቀው በቤቱ ሰው ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ አይቀመስም

ጥርጣሬው ከየትም ሊመጣ ይችላል። ቅርጫ አብሮን የገባ ጎረቤት ቤተሰቡ ሁሉ እንዳስመለሰው ይነግረናል፤ ወይም መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ አድሯል፤ ወይም ሥጋው በባጃጅ ከተማውን ሲዞር ውሎ ቤት የገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የብዙ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ ማሽተት፣ ቀጥሎም «እስቲ ትንሽ ልቅመሰው» ማለት ነው። ሁለቱም አይረዱም። ሥጋ እንዲሸትና እንዲያሟልጭ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎችና ሰውን የሚያሳምሙት በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው። ሳልሞኔላ የተባለው ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ያለበት ሥጋ ጠረኑም መልኩም እንደ ደህና ሥጋ ሊሆን ይችላል። የሸተተ ሥጋ ይጣላል፤ ያልሸተተ ግን በዚህ ብቻ ደህና ነው አይባልም።

ሁለተኛ፦ ለይቶ ማስቀመጥና መመዝገብ

ሥጋውን በሁለት ፌስታል ደርበው ያሰሩ፤ «አይበላም» ብለው ጽፈው ከማቀዝቀዣው ታችኛ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ላይኛው ላይ ከሆነ ደሙ ወደ ሰላጣውና ወደ እንጀራው ይንጠባጠባል። ጽሑፉን አይናቁት፤ እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ የቤት ሠራተኛዋ ወይም ልጅዎ ሥጋውን አውጥተው ሊጠብሱት ይችላሉ።

ከዚያ ወረቀት ያንሱ። ከየት ተገዛ? በየትኛው ቀንና ሰዓት? ሽንጥ ነው፣ ዳቢት ነው ወይስ የተፈጨ? ማን በላ፣ ስንት ሰዓት ላይ? ይህ ማስታወሻ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ለሉካንዳው ባለቤትም ይደውሉ፤ ጠብ ውስጥ ሳይገቡ «ጋሼ፣ ትናንት የወሰድኩት ሥጋ የየትኛው ቀን እርድ ነው? ሌላ ሰው ቅሬታ አቅርቦ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ቅርጫ ከሆነ ደግሞ መደቡን ለተካፈሉት ሁሉ መንገር ግዴታ ነው፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

ሥጋው የታሸገ ወይም የቆርቆሮ ከሆነ ጥቅሉን አይጣሉት። የመለያ ቁጥሩና የአምራቹ ስም ያለው እሱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ የስልክ መስመሩ ጥቆማ ይቀበላል። ያበጠ ቆርቆሮ ግን ለማየትም አይከፈት።

ሦስተኛ፦ መጣል ወይስ ማብሰል?

ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ውድ ነው፤ እናቶቻችንም «በደንብ ቢንተከተክ ምን ይሆናል?» ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የሥጋው መካከል 70 ዲግሪ ሲደርስ አብዛኛው ጎጂ ባክቴሪያ ይሞታል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ይህም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ግማሹ ግን ስህተት ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሰው እጅ፣ በተለይም ከቆሰለ ጣት ወደ ምግብ ይገባል፤ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይራባና መርዝ ያመነጫል። ባክቴሪያውን እሳት ይገድለዋል፤ መርዙን ግን የድስት ፍላት አያጠፋውም። በመሆኑም ለሰዓታት ሙቀት ላይ የዋለን ሥጋ ወይም ወጥ ደግሞ ማፍላት አያድነውም። መመሪያው አጭር ነው፦ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ይጣላል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ይበቃል፤ በግንቦት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የአዳማ ማድ ቤት ደግሞ ከዚህ ያልፋል።

መብራት ጠፍቶ ከነበረ ማቀዝቀዣው በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ይቆያል። በረዶው ገና ያልሟሟ ሥጋ ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ስለ ጥሬ ሥጋ እንድትተዉት ብመክር የሚሰማኝ እንደሌለ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ በሙሉ ብልት ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚገኘው ከላይኛው ገጽ ነው፤ ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ግን ከሁሉም ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ጥርጣሬ በገባበት ቀን ለብ ለብ ክትፎ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ሚጥሚጣው አይገድለውም፤ አረቄውም ሆድ ውስጥ ከምግቡ ጋር ተደባልቆ ስለሚቀጥን ያሰቡትን ሥራ አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ነገር አለ። ሥጋው ታሞ ከሞተ ወይም ሊሞት ሲል ከታረደ ከብት የመጣ እንደሆነ ከተሰማ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። የአባ ሰንጋ ዘር ሙቀትን የሚቋቋም ስለሆነ በማብሰል አይተማመኑ፤ ቋንጣ አድርጎ ማድረቅም አያጠፋውም። የበላ ብቻ ሳይሆን ሥጋውን የነካም ሰው ሕመም ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

አራተኛ፦ ማስወገድና ማጽዳት

ለውሻ አይሰጥም፤ ደጅም አይወረወርም። ግቢ ያለው ሰው ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቅበረው፤ የሌለው በደንብ አስሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች በሚመጡበት ቀን ያስረክብ። የታመመ ሰው ካለ ግን ጥቂቱን ለምርመራ በማቀዝቀዣ ያቆዩት። አባ ሰንጋ ከተጠረጠረ ምንም ሳይነኩ ለጤናና ለእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ያሳውቁ።

በማጽዳት በኩል ዋናው ጥፋተኛ የእንጨት መክተፊያው ነው። ቢላዋ የፈለፈላቸው ቦዮች ውስጥ የሥጋ ጭማቂ ይደበቃል፤ ከላይ ቢታጠብም ከሥር ይቀራል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይፈተግ፣ ከዚያ 4 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ በረኪና በጥብጠው ለጥቂት ደቂቃ ያርጥቡት፣ ያለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር አይቀላቀል፤ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። የማቀዝቀዣው መደርደሪያና እጀታ፣ ቢላዋውና የውሃው ቧንቧ መዝጊያም አይረሱ። ስፖንጁን ይጣሉት።

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ባህላችን ስለሆነ አትጠቡ ብል ከሴቶቹ ጋር መጣላት ይሆንብኛል። ቢያንስ በሚፈስ ውሃ ሥር ሳይሆን በሳፋ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይታጠብ፤ የሚረጨው ውሃ ነው ባክቴሪያውን ለሰላጣው የሚያደርሰው።

አምስተኛ፦ የበላ ሰው ካለ

አባ ሰንጋ ካልተጠረጠረ በቀር፣ በልቶ ምንም ያልተሰማው ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ራሱን ይከታተል። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ለማስመለስ መታገልም ጥቅም የለውም። የስታፊሎኮከስ መርዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በድንገት ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊወስድ ይችላል። ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ዛሬ ያሳመመን ምግብ የግድ ዛሬ የበላነው አይደለም።

ለታመመ ሰው ትልቁ አደጋ የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነው። ለምለም የሚባለውን የኦአርኤስ ዱቄት ከመድኃኒት ቤት ገዝተው በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን ይበጥብጡ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሳይከመር የተሰፈረ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። ጨው ሲበዛ ይጎዳል፤ በእጅ አይገመት። ቢያስመልሰውም ጥቂት ደቂቃ ታግሠው በማንኪያ ጥቂት ጥቂት እየሰጡ ይቀጥሉ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ፌጦ የሚወድ ካለ አልከራከርም፤ የፈሳሹን ቦታ ግን አይተካም። የተረፈ አንቲባዮቲክ ከመሳቢያ አውጥቶ መዋጥ፣ ወይም ደም እየታየ የተቅማጥ ማቆሚያ መውሰድ ግን አደገኛ ነው።

ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ካለፈ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ተቅማጡ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ዓይኑ ከጎደጎደ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ዕይታው ከደበዘዘ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ አንድ ደቂቃም አይጠበቅ፤ በተለይ የቆርቆሮ ምግብ በልቶ ከነበረ። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንት ምልክቱ ቀላል ቢመስልም መመርመሩ ይመረጣል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከአንድ ምግብ በኋላ ከታመሙ ለአካባቢዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ያ ማስታወሻ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው። የታመመው ሰው ራሱ የቤቱ ወጥ ሠሪ ከሆነ ደግሞ ተቅማጡ ከቆመ በኋላ 2 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ማድ ቤት አይግባ፤ እንግዳ ቢመጣም ሌላ ሰው ያብስል።