የአማርኛ ዜና መጽሔት በኢሜይል ሲላክ ፎንቱን በሲኤስኤስ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ላሊበላ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ለገና እንግዶቹ የሚልከውን ኢሜይል እንውሰድ። አንዱ ደሴ ሆኖ በስልኩ ይከፍተዋል፤ ሌላው ኮምቦልቻ ቢሮው ውስጥ በአውትሉክ ያነበዋል። ለድረ ገጽ የሚሠራ ሲኤስኤስ (የጽሑፍን መልክ የሚወስን ኮድ) እዚህ ብዙ ቦታ ላይ ይከዳል። የቆየው የዊንዶውስ አውትሉክ ለምሳሌ ኢሜይሉን የሚያሳየው በብራውዘር ሳይሆን በማይክሮሶፍት ወርድ ሞተር ነው።

ከሁሉ በፊት ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ) መሆኑን ያረጋግጡ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ አማርኛ መስሎ ቢታይም ውስጡ የላቲን ምልክት ነው። ፎንቱ የሌለው ተቀባይ የሚያየው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው፤ ይህን ሲኤስኤስ አያድነውም። ቻርሴቱንም፣ ማለትም ፊደሎቹ በባይት የሚጻፉበትን መንገድ፣ ዩቲኤፍ-8 ያድርጉ።

ቀጥሎ ስታይሉን (የሲኤስኤስ ትእዛዞቹን) ጽሑፍ ባለበት በእያንዳንዱ ቲዲ፣ ማለትም በሠንጠረዡ ሳጥን፣ ውስጥ ይጻፉ። ቦዲው (ሙሉውን ይዘት የሚይዘው የኮዱ ክፍል) ላይ አንዴ ጽፎ መተው አይበቃም፤ አውትሉክ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ይረሳዋል። ሄድ (የኮዱ መግቢያ) ውስጥ ያለውን የስታይል ክፍል ደግሞ የጂሜይል አፕ የጂሜይል ባልሆነ አካውንት ሲከፈት ይጥለዋል።

ዋናው ሥራ የፎንት-ፋሚሊ ዝርዝር ነው፤ አንዱ ፎንት ከሌለ ቀጣዩ ይሞከራል። ኤብሪማ፣ ኒያላ፣ ኬፋ፣ ሳንስ-ሰሪፍ ብለው በዚህ ቅደም ተከተል ይደርድሩ (ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል፦ Ebrima, Nyala, Kefa, sans-serif)። ኤብሪማ በዊንዶውስ 10 አብሮ ይመጣል፣ ኒያላ በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ አለ፣ ኬፋ የማክና የአይፎን ነው። አንድሮይድ ላይ ስሙን ባይጠሩትም ስልኩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ራሱ ያመጣል። ስሙ ክፍተት ያለበት ፎንት ከጨመሩ በነጠላ ጥቅስ ይክበቡት። ድርብ ጥቅስ ከተጠቀሙ የስታይሉ ጥቅስ እዚያው ይዘጋና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የቀለሙም የመጠኑም ትእዛዝ ድንገት መሥራት ካቆመ መጀመሪያ እዚህ ይፈልጉ።

ከኢንተርኔት የሚወርድ ዌብ ፎንት ባይለፉበት ይሻላል። አፕል ሜይል ይቀበለዋል፤ ጂሜይል ግን አይቀበለውም። የዊንዶውሱ አውትሉክ ደግሞ ዝርዝርዎን ትቶ ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ሊሄድ ይችላል።

መጠኑን በፒክስል ይስጡ፦ ለጽሑፍ 16፣ ለርእስ 24። የእኛ ፊደል ቁመታም ስለሆነ ላይን-ሃይት (የመስመር ቁመት) 26 ፒክስል ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ መስመሮቹ ይጨናነቃሉ። ከ13 ፒክስል በታች አይውረዱ፤ አይፎን ራሱ ያሳድገውና የገጹን ቅርጽ ያበላሻል።

ቦልድ ለርእስ ብቻ ይሁን። ኒያላ የራሱ ቦልድ ስለሌለው ኮምፒውተሩ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፤ በትንሽ መጠን ጨ እና ጪን የመሳሰሉት ውስጣቸው ይደፈናል። ኢታሊክን ጭራሽ ይተዉት፤ ግዕዝ ፊደል ላይ ማዘንበል ብቻ ነው፣ ውበትም አይጨምር።

ክብደቱንም አይርሱ። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነ ኤችቲኤምኤል (የኢሜይሉ ኮድ ከነጽሑፉ) ይቆርጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ሲይዝ የላቲኑ 1 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ረጅም ጽሑፍ እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ከሚደርስበት ቀድሞ ይቆረጣል። በሊንክ የሚመጣ ምስል ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ከመላክዎ በፊት አንድ ቅጂ ወደ አንድሮይድ ጂሜይል፣ ሌላውን ወደ ዊንዶውስ አውትሉክ ልከው ርእሱን፣ ቁጥሮቹን እና አራት ነጥቡን ይመልከቱ። በብራውዘር የሚያዩት ቅድመ እይታ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።