በጥቂት ቀጥተኛ መስመሮች ረቂቅ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ

ረቂቅ ሥዕል የሚባለው የታወቀን ነገር መልክ ሳያሳይ በመስመር፣ በቅርጽ ወይም በቀለም ብቻ የሚሠራ ሥዕል ነው። ለዚህ ሥራ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ኤችቢ እርሳስ፣ ላጲስና ጫፉ ቀጭን የሆነ ጥቁር ብዕር ይበቃሉ። በወረቀቱ መካከል እያንዳንዱ ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በእርሳስ በስሱ ያስምሩ።

ከዚያ ምንም ሳይሥሉ፣ የትኞቹን መስመሮች ስንት አድርገው እንደሚያሰምሩ ደንብ ያውጡ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሶል ሌዊት እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያውን የግድግዳ ሥዕሉን ሲሠራ የተጠቀመው በአራት ዓይነት መስመሮች ብቻ ነበር፤ እነዚህም ቋሚ፣ አግድምና በሁለት አቅጣጫ የሚያጋድሉ ሰያፍ መስመሮች ናቸው። ለጀማሪ ሦስት ቋሚና ሁለት አግድም መስመሮች በቂ ናቸው። ሰያፍ መስመር ሥዕሉን ስለሚያነቃንቀውና ሚዛኑን መጠበቅ ስለሚያስቸግር ለሌላ ጊዜ ቢቆይ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው በመስመሮቹ መካከል የሚተወው ርቀት ነው። አምስት መስመሮች በእኩል ርቀት ሲሰመሩ የሚታየው ሠንጠረዥ እንጂ ሥዕል አይደለም። ስለዚህ ቋሚዎቹን ከካሬው ግራ ጎን በ2፣ በ3 እና በ11 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ አግድሞቹን ደግሞ ከላይኛው ጎን በ10 እና በ13 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያስምሩ። በግራ በኩል የተጠጋጉት ሁለት መስመሮች እንደ አንድ ከባድ ነገር ሆነው ስለሚታዩ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለው ሰፊ ነጭ ቦታ የተረሳ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተተወ ይመስላል። በእኔ እምነት የሥዕሉ ሕይወት ያለው በዚህ ነጭ ቦታ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ርቀቶቹን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ እያደረጉ፣ ልዩነቱ ለዓይንዎ እስኪታወቅ ድረስ በትዕግሥት ይሞክሩ።

ሆላንዳዊው ፒየት ሞንድሪያን በአንዳንድ ሥራዎቹ መስመሮቹን የሸራው ጠርዝ ላይ ሳይደርሱ አቁሟቸዋል። እርስዎም አንዱን አግድም መስመር ከቀኙ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ቢያቆሙት፣ የታጠረ ይመስል የነበረው ሥዕል ይከፈታል።

አሁን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ራቅ ብለው ይመልከቱት፤ ዘቅዝቀውም ይዩት። እያንዳንዱን መስመር በየተራ በጠባብ ነጭ የወረቀት ቁራጭ ይሸፍኑ፤ ሲሸፈን ምንም ነገር ያልጎደለ ከመሰለዎ ያ መስመር መጥፋት አለበት።

በመጨረሻ የቀሩትን መስመሮች፣ ጣትን ብቻ ሳይሆን ክንድን በማንቀሳቀስ፣ ሳያቋርጡ በብዕር ይድገሟቸው፤ ቀለሙ በሚገባ ሲደርቅ የካሬውን ጎኖች ጨምሮ የእርሳሱን ምልክት በሙሉ ያጥፉ። የሠዓሊዋ የአግነስ ማርቲን የእርሳስ መስመሮች ቀረብ ተብለው ሲታዩ የእጅ ሥራ መሆናቸው ያስታውቃልና፣ ጥቃቅን መዛነፎችን ለማረም ሲባል መስመሩን ማወፈር አይገባም።