የእናትና የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤን ለብቃት ፈተና እንዴት እናጥና?

የነርሶችና የአዋላጆች የብቃት ምዘና ፈተና ሲቃረብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። የኮሌጁን ሃንድአውት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ፣ ማስመር፣ መሸምደድ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ኢንፌክሽን እያሉ መቀጠል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደረስ የመጀመሪያው ተረስቷል።

ፈተናው ግን ከዝርዝር ይልቅ አንዲት እናት ያመጣላችኋል። ከወለደች 30 ደቂቃ ሆኗታል። ከሥሯ ያለው ጨርቅ በደም ርሷል። ማሕፀኗ ሲዳሰስ ለስልሷል። ከዚያ "መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" ይላል። አራቱም ምርጫዎች ትክክለኛ ሥራዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄው የቱ ይቀድማል ነው። ለዚህ ነው ይህን ትምህርት በበሽታ ሳይሆን በሰዓት ማጥናት ያዋጣል የምለው። የማዋለጃ ክፍል ሥራም የሚሄደው በሰዓት ነው።

1. አራት ወረቀት አዘጋጁ

በአንዱ ላይ "እርግዝና"፣ በሁለተኛው "ምጥ"፣ በሦስተኛው "የመጀመሪያው 1 ሰዓት"፣ በአራተኛው "እስከ 6 ሳምንት" ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱን ወረቀት መሐል ላይ በመስመር ክፈሉት። ግራው የእናት፣ ቀኙ የልጅ ነው። ከዚያ ሃንድአውቱንና የጤና ሚኒስቴርን መመሪያ እያነበባችሁ ሦስት ነገር ብቻ አስፍሩ፦ ጤናማው ምን ይመስላል፣ አደጋው ምን ይመስላል፣ አደጋው ሲታይ የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው። ሌላው ሁሉ ይቆያችሁ።

2. ጤናማውን ቁጥር መጀመሪያ ያዙ

ጤናማውን የማያውቅ ሰው አደጋውን አይለይም። የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ብዙ አይደሉም። የፅንስ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ2500 ግራም በታች ከሆነ ክብደቱ ዝቅተኛ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ቢቀንስ አያስደነግጥም።

በእናት በኩል ከ20 ሳምንት በኋላ ደም ግፊት 140/90 ሲደርስ ንቁ። 160/110 ከሆነ አጣዳፊ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና ወልዳ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሳት ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ይባላል። በቀዶ ሕክምና ለወለደች 1000 ነው።

3. የመውለጃ ቀንን በእኛ አቆጣጠር ማስላት ተለማመዱ

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። መጻሕፍቱ የሚያስተምሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 3 ወር ቀንሱ፣ 7 ቀን ጨምሩ ይላሉ። እናቶቻችን ግን የወር አበባቸውን ቀን የሚነግሩን "የሚካኤል ማግስት" ወይም "ጥር 3" ብለው ነው። እርግዝና 280 ቀን ነው። የእኛ ወር ደግሞ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሩ። በመሐል ጳጉሜ ካለች 9 ወር ከ5 ቀን ጨምሩ። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን።

ሁለት ምሳሌ እንሥራ። መስከረም 12 ቀን 2017 የወር አበባዋ የጀመረ እናት ሰኔ 22 ቀን 2017 ትጠበቃለች፤ ጳጉሜ መሐል አልገባችም። ጥር 3 ቀን 2017 ከሆነ ግን ጳጉሜ አለች፤ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ይሆናል። ራሳችሁ አሥር ያህል ቀን ፈጥራችሁ አስሉ። ሥራ ስትጀምሩም በየቀኑ የምትጠቀሙበት ነው።

4. ፓርቶግራፍን በእጃችሁ ሙሉ

ፓርቶግራፍ የምጥን ሂደት በየሰዓቱ የምንመዘግብበት ቅጽ ነው፤ በማንበብ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ባዶ ቅጽ ፎቶ ኮፒ አድርጉና የአንዲት እናት ምጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉበት። በንቁ ምጥ ጊዜ የፅንሱ የልብ ምትና የማሕፀን ቁርጠት በየ30 ደቂቃው፣ የማሕፀን በር ምርመራ በየ4 ሰዓቱ። የቆየው ፓርቶግራፍ ንቁ ምጥን ከ4 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አዲሱ ቅጽ ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥያቄው የትኛውን እንደሚጠቅስ አይታችሁ መልሱ።

ከምጥ ጋር የሚመጡ ሁለት ድንገተኛ ጥያቄዎችን አትለፉ። እትብት ቀድሞ ከወጣ መልሳችሁ አትግፉት። ግሎቭ ባደረገ እጅ የሕፃኑን ጭንቅላት ከእትብቱ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሰው ጥሩ፤ እናትየው በጉልበቷና በደረቷ ትደፋ። በእርግዝና መጨረሻ ያለ ሕመም ደማቅ ቀይ ደም ከፈሰሰ ደግሞ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ሸፍኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ጣት ማስገባት ክልክል ነው።

5. በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ቆዩ

ከጥናት ጊዜያችሁ ትልቁን ድርሻ ለዚህ ስጡ። ብዙ እናቶችና ልጆች በዚህ ሰዓት በሚፈጠር መዘግየት ይጎዳሉ። ፈተና አውጪዎችም ያውቁታል።

ቅደም ተከተሉን ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ፣ እጃችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ተለማመዱ። ሕፃኑ ወጣ። በእናቱ ሆድ ላይ አድርጋችሁ ወዲያው አድርቁት። እርጥቡን ጨርቅ አውጡ፣ በደረቅ ሸፍኑት። እያደረቃችሁ መተንፈሱን እዩ። ሌላ ሕፃን ሆድ ውስጥ አለመኖሩን ዳስሳችሁ አረጋግጡ። ከዚያ በ1 ደቂቃ ውስጥ ማሕፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ስጡ። ሕፃኑ ደህና ከሆነ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ማሕፀኑ ሲኮማተር በአንድ እጅ ደግፋችሁ እትብቱን በቀስታ ሳቡ። የእንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን ገልብጣችሁ እዩ። ማሕፀኑ መጠንከሩን በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ዳስሱ።

ሕፃኑ ተደርቆና ጀርባው ታሽቶ ካልተነፈሰስ? እትብቱን ቶሎ ቆርጣችሁ በ1 ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት) አየር መስጠት ጀምሩ፣ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል። አፕጋር እስኪሰላ አትጠብቁ። አፕጋር በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ የሚሞላ የሁኔታ መግለጫ ነው፤ ሕፃኑን ለማስተንፈስ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። ይህን የሚፈትን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሣናት ደም ወደሚፈሳት እናት እንመለስ። ማሕፀኗ ለስልሷል። የመጀመሪያው ሥራ ሰው እየጠሩ ማሕፀኑን ማሸት ነው። ሐኪም ዘንድ ስልክ መደወል፣ ደም ናሙና መውሰድ፣ ወረቀት መሙላት ቀጥሎ ይመጣል። ማሕፀኑ ከእምብርት በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ ካጋደለ ፊኛዋ ሞልቷል፤ ሽንት ታውጣ፣ ካልቻለች ካቴተር ይግባ። ማሕፀኑ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ደሙ ካላቆመ መቀደድን ፈልጉ። የእንግዴ ልጁ ጎድሎ ከሆነ ቀሪው ውስጥ ነው። ደም ማቆሚያው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር የሚሰጠው ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። አንድ ምልክት ሲለወጥ መልሱ እንዴት እንደሚለወጥ አያችሁ? ጥያቄውን ቃል በቃል ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚያ ለሕፃኑ የቀረው፦ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመር፣ የዓይን ቅባት ቴትራሳይክሊን፣ ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም በጭን ጡንቻ፣ መመዘን፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባቱ ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ። ማጠብ ለ24 ሰዓት ይቆይ።

6. ማግኒዚየም ሰልፌትን ለብቻው አንድ ምሽት ስጡት

ከፍተኛ ፕሪ-ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ ከባድ የደም ግፊት ሕመም) እና ኤክላምፕሲያ (ሕመሙ እናትየውን ሲያንቀጠቅጥ) ሲመጣ ይህ መድኃኒት አይቀርም። በጡንቻ በሚሰጠው አሠራር መነሻው 4 ግራም በ20 በመቶ ውህድ በደም ሥር በ5 ደቂቃ ገደማ፣ ቀጥሎ 10 ግራም በ50 በመቶ ውህድ፣ 5 ግራም በየመቀመጫው ነው። ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም፣ ከወለደች ወይም መጨረሻ ከተንቀጠቀጠች በኋላ ለ24 ሰዓት። ቀጣዩን መጠን ከመስጠት በፊት ሦስት ነገር ይታያል። ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ጉልበቷ በመዶሻ ሲነካ እግሯ ምላሽ መስጠቱ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር። አንዱ ከጎደለ መድኃኒቱ አይሰጥም። ትንፋሽ ካቆመች አየር እየሰጣችሁ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በቀስታ በደም ሥር ስጡ።

7. የአራስ ቤቱን ጥያቄ አትናቁ

የምክር ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ። ግን አያቶቻችን የሚያደርጉትን ስለምናውቅ ልባችን ወደዚያ ያደላል። እንገር ይጣል፣ ሕፃኑ ቅቤ ይቅመስ፣ እትብቱ ላይ ቅባት ይደረግ የሚሉ ምርጫዎች ሲመጡ መልሱ አይደሉም። እንገር ለሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያው ነው። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃ እንኳን አያስፈልገውም። እናትየውን ስትመክሩ ግን አማቷን አታሳፍሩ። "እማማ ገንፎው ለእርሷ ይሁን፣ ለልጁ ጡቷ ይበቃዋል" ማለት ይቻላል። በፈተናም በክብር የሚያናግረው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ትክክሉ ነው።

የአራስ ፈሳሽ በመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ቀናት ቀይ፣ እስከ 10ኛው ቀን አካባቢ እየፈዘዘ፣ ከዚያ ነጣ ያለ ነው። መጥፎ ሽታ ካለው ኢንፌክሽን ጠርጥሩ። በሕፃኑ በኩል ጡት አለመጥባት፣ መንቀጥቀጥ፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደረት መሰርጎድ፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ መፍዘዝ የአደጋ ምልክት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚታይ ቢጫነት ሁልጊዜ ምርመራ ይፈልጋል።

8. ውጭ አገር ለምትፈተኑ

አሜሪካ ሆናችሁ ለኤንክሌክስ (ለነርስ ፈቃድ ፈተናው) የምትዘጋጁ ከላይ ያለው መሠረት ይበቃችኋል፤ ጥቂት ነገር ግን ቀይሩ። የዓይን ቅባቱ ኤሪትሮማይሲን ነው። ቢሲጂ ለሁሉም ሕፃን አይሰጥም። ማግኒዚየም በፓምፕ በደም ሥር ይሰጣል፤ ትንፋሽ ከ12 ሲወርድ ይቆማል። የመውለጃ ቀን ስሌቱም የፈረንጁ ነው። ለነርስ የሚሰጠው ፈተና በኮምፒውተር ሲሆን ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው፣ ጊዜው 5 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በአንድ ታካሚ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ስድስት ስድስት ጥያቄዎች ገብተዋል። አራቱ ወረቀቶቻችሁ ለእነዚህ በደንብ ይሠራሉ።

9. ጥያቄ መሥራትን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ

አንብቤ ስጨርስ ጥያቄ እሠራለሁ ማለት አያዋጣም። አንድ ወረቀት ስትጨርሱ ወዲያው 20 ያህል ጥያቄ ሥሩበት። "መጀመሪያ" የሚለውን ቃል አክብቡ። መረጃው ጥያቄው ውስጥ ካልተሟላ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መመርመር ነው። እናትየው ደም እየፈሰሳት ወይም ሕፃኑ ሳይተነፍስ ከሆነ ግን መረጃው በቂ ነው፤ እጃችሁን የሚያንቀሳቅሰውን ምርጫ ፈልጉ።

የተሳሳታችሁትን በአንድ ደብተር ያዙ፣ ከጎኑ ምክንያቱን ጻፉ። "ቁጥሩን አላውቀውም ነበር" ወይም "ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩ" ወይም "ጥያቄውን ቸኩዬ አነበብኩ"። ቁጥር ከሆነ ወደ ሁለተኛው ክፍል ተመለሱ። ቅደም ተከተል ከሆነ ከጓደኛ ጋር ተነሥታችሁ በትራስ ሕፃን ልምምዱን ድገሙ። ችኮላ ከሆነ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍናችሁ መጀመሪያ መልሱን በራሳችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ወረቀቱን አንሡ።