ሞተራችሁ ጠዋት ጠዋት «ተክ ተክ» ካለ፦ የማርሚታ ጋስኬት ችግርና መፍትሄ

ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ከፊት ጎማው ኋላ «ተክ ተክ ተክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ትሰማላችሁ። ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ ይጠፋል። ማታ ትረሱታላችሁ። ጠዋት እንደገና ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቫልቭ ነው» ብሎ ይደነግጣል። እኔም ደንግጬ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይ ክዳን) ለማስከፈት ብር ማጠራቀም ጀምሬ ነበር። ጥፋተኛዋ ግን ጋስኬቷ፣ ማለትም ጭስ እንዳያመልጥ መጋጠሚያውን የምታትም ከአውራ ጣት ትንሽ የምትሰፋ የመዳብ ቀለበት ሆና ተገኘች።

እኛ ዘንድ በብዛት የሚነዱት ባለ አንድ ሲሊንደር 100፣ 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች ናቸው። ጭስ ሊያመልጥባቸው የሚችል ሁለት መጋጠሚያ አለ። አንዱ የጭስ ቱቦው ከቴስታታው ጋር የሚታሰርበት አንገት ነው። ሌላው ቱቦው ከማርሚታው ጋር የሚገናኝበት፣ በክላምፕ የሚጠብቀው ነው። ቱቦና ማርሚታው አንድ ላይ የተበየደ ከሆነ ሁለተኛው የለም። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ግን ከመጀመሪያው ነው።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ድምፁ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፦ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። ክፍተቱም ይጠባል። ስለዚህ ጠዋት የሚያፈሰው ጋስኬት ከቀትር በፊት ጤነኛ ይመስላል። የቫልቭ ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በሙቀት ድራሹ አይጠፋም። ሌላም ልዩነት አለ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ የጋስኬቱ ድምፅ ይጎላል፤ የጭሱ ግፊት ስለሚጨምር ነው።

ነዳጅ ስትለቁ ማርሚታው «ፓ! ፓ!» ካለ፦ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲዘጋ ቱቦው ውስጥ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። በክፍተቱ የውጭ አየር ይገባል። ሳይቃጠል ያለፈው ነዳጅ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ እዚያው ማርሚታ ውስጥ ይፈነዳል። በዚህ ምልክት ብቻ ግን ጋስኬት ለመግዛት አትሩጡ። ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ነዳጅ እያሳነሰ ወይም ካርቡሬተሩን ከቴስታታው የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

አንገቱ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካለ፦ ይሄ ከሁሉም የታመነው ምስክር ነው። ደረቅ ጥላሸት ማለት ጭስ በዚያ ይወጣል ማለት ነው። እርጥብና ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዘይቱ ከላይ ከቴስታታው እየወረደ ሊሆን ይችላል።

ሞተራችሁ ባለ ኢንጀክሽን (በካርቡሬተር ፈንታ ነዳጁን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ) ከሆነና ቱቦው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ካለው ደግሞ ነዳጅ መብላት ሊጀምር ይችላል። ሴንሰሩ በክፍተቱ የገባውን አየር ያይና «ነዳጅ አንሷል» ይላል። ኮምፒውተሩም አምኖት ይጨምራል።

ለማረጋገጥ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱትና ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በፒንሳ ይዛችሁ ወደ አንገቱ አስጠጉ። ከተርገበገበ ያፈሳል። ካላሳመናችሁ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ማርሚታው አፍ ላይ ለአፍታ ጫን አድርጉ። ጭስ ማምለጫ ከሌለው ሞተሩ ይታፈናል፣ ሊጠፋም ይችላል። ካፈሰ ግን ከፊት «ፍስስ» እያለ መሥራቱን ይቀጥላል። ይህን ሁሉ ደጅ አድርጉት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ይገድላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ከመለዋወጫ ሱቅ የሞተራችሁን ሞዴል ተናግራችሁ ትክክለኛውን ጋስኬት ግዙ። ከዚያ ማታ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ አንገቱ ላይ ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩባቸውና ሂዱ ተኙ። ይህን ምክር የምሰጠው ቀምሼው ነው። አንድ ቅዳሜ ቸኩዬ በደረቁ ስታገል ብሎኑ ከሥሩ ቀጭ አለ። ብየዳ ቤት ሄጄ፣ በቀረችው ጉቶ ላይ ዳዶ በይደውበት ነው የወጣው። የጋስኬቱን ብዙ እጥፍ ከፈልኩ። ዳዶው እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ትንሽ አጥብቁ፣ ትንሽ አላሉ፣ እንደገና ዘይት።

ጠዋት የኋላውን የማርሚታ ብሎን አላሉ፤ አታውጡት። የፊቶቹን ዳዶዎች ፍቱ። ከዚያ ኋላውንም አውጥታችሁ ቱቦውን ሳቡት።

እዚህ ጋ ብዙ መካኒክ የሚያልፈው ነገር አለ። አሮጌው ጋስኬት ጭስ መውጫው ጉድጓድ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። በጥላሸት ስለተሸፈነ የቴስታታው አካል ይመስላል። አዲሱ በላዩ ይደረብና ከሳምንት በኋላ «ጋስኬቱ ፎርጅድ ነው» ይባላል። በባትሪ መብራት እዩት፣ በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙን ፈልቅቁት። ግን መቀመጫውን አትቧጭሩ፤ አሉሚኒየም ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። ያወጣችሁትን መልሳችሁ አትጠቀሙ። ቀለበቷ የምታትመው ስትጨፈለቅ ነው፤ አንዴ ተጨፍልቃለች።

መቀመጫውን በጨርቅ ጥረጉት። የቱቦውን ከንፈር በብረት ብሩሽ አጽዱ። ስንጥቅ ካለው፣ በተለይ ብየዳው አጠገብ፣ ጋስኬት አያድነውም፤ መበየድ አለበት። አዲሱን ጋስኬት በጣም ትንሽ ግራሶ ነክታችሁ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡት። ግራሶው ቱቦው እስኪገባ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፤ ኋላ ተቃጥሎ ይጠፋል።

ሲታሰር ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሁሉንም መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። ቀጥሎ የፊቶቹን ሁለት ዳዶዎች በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ አንገቱ ይጣመማል። ማኑዋላችሁ ሌላ ካላለ ለ6 ሚሊ ብሎን 10፣ ለ8 ሚሊ ደግሞ 20 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃል። የኋላው ብሎን መጨረሻ ነው። እሱ ቀድሞ ከጠበቀ ቱቦው ተወጥሮ ይቀመጥና ጋስኬቱን በአንድ ጎን ይበላዋል።

ስለ ሲሊኮን ትጠይቁኛላችሁ። አንገቱ ላይ አይሆንም። ሙቀት ይችላል የሚባለው ቀዩ እንኳ ከ300 ዲግሪ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ከቴስታታው የሚወጣው ጭስ ግን ከ600 በላይ ሊደርስ ይችላል። የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ማሰርም አይቻለሁ። እቤት ለመድረስ ያህል ይሆናል።

ጋስኬት በጥቂት ወራት ውስጥ ደጋግሞ ከሄደ የገደለውን ፈልጉ። እኔ መጀመሪያ የማየው የኋላውን የማርሚታ ብሎንና ጎማውን ነው። ኮረኮንች ላይ እሱ ሲላላ የማርሚታው ክብደት በሙሉ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ቱቦው ይወዛወዛል፤ ጋስኬቱም ይፈጫል። ጎማው ካረጀ ከነሮንዴላው ቀይሩት።

አስነስታችሁ መጀመሪያ ላይ ከአንገቱ ትንሽ ጭስ ብታዩ አትደንግጡ፤ ግራሶውና የረጫችሁት ዘይት ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን አንዴ ፈትሹ፤ አዲስ ቀለበት ሲሞቅ ስለሚረግብ ትንሽ ይላላሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ጠዋት አሁንም «ተክ ተክ» ካለ፣ ያኔ የቫልቭ ክፍተቱን አስለኩ።