የእኔን ዘጠነኛ ቢ እንዴት እንደማስተዋውቅ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። በየመስከረሙ የዘጠነኛ ክፍል ኃላፊ ያደርጉኛል። ዘንድሮ ልጆቹ 64 ናቸው። ስምንተኛን የጨረሱት በተለያየ ትምህርት ቤት ስለሆነ አይተዋወቁም። ግማሾቹ የከተማው ልጆች ናቸው። የቀሩት ከገጠር መጥተው፣ ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የሚመለሱት እሑድ ማታ ወይ ሰኞ ጠዋት ነው፣ በእግር።

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ይህን ሳላውቅ ሦስት ዓመት አስተማርኩ። አንድ ሰኞ ያረፈደ ልጅ በር ላይ አስቁሜ «እንቅልፋም!» ብዬ መለስኩት። ክፍሉ ሳቀ። ለካ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ፣ የሁለት ሳምንት ድርቆሽ እንጀራ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ነው የመጣው። የነገረኝ እሱ አይደለም። አብሮት የሚኖረው ልጅ ነው፣ ያውም በሳምንቱ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ።

ክፍል ኃላፊ ሆናችሁ ሮስተር (የተማሪዎቹን ስምና ውጤት መዝገብ) ስትሞሉ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር። በስም ጥሪ ሰዓት ጮክ ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ሩብ ወረቀት አድሉና ራሳቸው ይጻፉት። ስማቸውን በሁለት ሳምንት ያዙ። እኔ ስም አይያዝልኝም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ስዬ ጠመኔ መያዣዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» ስለው የከረምኩትን ልጅ ስሙን ያወቅኩት ሰኔ ላይ ካርድ ስሰጠው ነበር።

ዋናው ነገር ቡድኑ ነው። አንድ ጎበዝ አምስት ልጆችን የሚመራበትን «አንድ ለአምስት» መምህራን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ መምህሩ ፋይሉን ያሳምራል። እኔ የምመድባቸው በውጤት ሳይሆን በሰፈር ነው። ከገበያው ጀርባ የተከራዩት አንድ ላይ፣ ከጤና ጣቢያው በላይ ያሉት አንድ ላይ። በየቡድኑ አንድ ሁለት የከተማ ልጅ እጨምራለሁ። መጽሐፍ አንዱ ለሦስት ነው የሚደርሰው፤ ማታ አብረው ካላነበቡ መጽሐፉ የአንዱ ሆኖ ይቀራል። ደግሞ አከራዮች ሦስት ሰዓት ላይ «መብራት አጥፉ» ይላሉ። የከተማው ልጅ ቤት ግን ማምሸት ይቻላል።

ጥያቄ ስሰጥ መጀመሪያ በአማርኛ ይጨቃጨቁ እላለሁ። ዘጠነኛ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙውን ልጅ ዝም የሚያሰኘው ሒሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው። ሲግባቡ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል። ከዚያ ዕጣ አወጣለሁ። የወጣለት ሰሌዳ ላይ ያስረዳል፤ ከአምስት የሚያገኘው ማርክ የቡድኑ ሁሉ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጎበዞቹ ያኮርፋሉ። አንዷ «ቲቸር፣ የኔ ማርክ በሱ አፍ ይወሰን?» ብላኛለች። እውነቷን ነው፣ ያናድዳል። ስለዚህ ከመቶው በዚህ የሚያዘው 10 ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ያችው ልጅ በእረፍት ሰዓት ልጁን ስታስጠናው አየኋት። እየተቆጣች ነው፣ ግን ታስጠናዋለች።

ሰው ሲቀርም መጀመሪያ የምጠይቀው ቡድኑን ነው። ያውቃሉ። ስንቅ አልቆባት ነው፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ነው፣ ታማ ነው። አንድ ጊዜ «ሊድሯት ነው» አሉኝ። በነጋታው ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ጋር ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄድን። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን፣ በአሥረኛው ቀን ክፍል ገባች። ከሷ በፊት በነበረው ዓመት ማንም ስለሷ ያልነገረኝ ሌላ ልጅ ነበረች። እሷ አልተመለሰችም።

ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አዲስ ትምህርት አልጀምርም፤ ያለፈውን እንከልሳለን። ያረፈደ ገብቶ ይቀመጣል፤ ምክንያቱን በኋላ ለብቻው እጠይቀዋለሁ። ውሸታም አይጠፋም፣ እሱን ቡድኑ ያጋልጠዋል።

ፈተና ስትመልሱ ደረጃ ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ስጡ።

ዕጣውን ደግሞ በእስክሪብቶ ጻፉት። እኔ በእርሳስ ጽፌው የአንዱ ልጅ ስም ኅዳር ላይ ጠፋ፤ እስከ ጥር አንድም ቀን ሰሌዳ ሳይወጣ ከረመ። ያውቅ ነበር፤ ደስ ብሎት ዝም አለ።